ማለዳ ማለዳ የሚለግመው ቦይለር፦ የጥገና ማስታወሻ

1ኛ ቀን

ከንጋቱ 12፡10 ላይ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቼ እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ፤ ውሃው እንደቀዘቀዘ ቀረ። ውሃውን ወደሚያሞቀው ቦይለር ስሄድ ቀይ መብራቱ በርቷል፤ ማሳያው ላይም ማቀጣጠል እንዳልቻለ የሚናገረው የስሕተት ቁጥር ተደቅኗል። የዳግም ማስነሻውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ አልሆነም። ደግሜ ተጫንኩ፤ አሁንም እምቢ አለ። በሦስተኛው ተነሣና ቀኑን ሙሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ሲሠራ ዋለ።

ይህ ሲሆን በሦስት ሳምንት ውስጥ አራተኛው ወይም አምስተኛው ጊዜ ነው። ይህን ማስታወሻ ያስጀመረኝ ይኸው «ወይም» የሚለው ቃል ነው። ጨርሶ የሞተ ዕቃ አያስቸግርም፤ የሞተበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። እየሠራ የሚለግም ግን በማስታወስ ብቻ አይያዝም፤ ሰው የሚያስታውሰው ያናደደውን ቀን እንጂ የሠራበትን ቀን አይደለም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን አነሣስ ከነሰዓቱ፣ ከነአየሩ ሁኔታ፣ ከዚያም በፊት ቦይለሩ ስንት ሰዓት እንዳረፈ ጨምሬ እጽፋለሁ።

ዕቃው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ፣ ከጭሱ ውስጥ ያለውን እንፋሎት አቀዝቅዞ ሙቀቱን መልሶ የሚጠቀም ዓይነት ነው። ሰባት ዓመት አገልግሏል።

ከመጀመሬ በፊት ለራሴ ያሰመርኩት መስመር አለ፤ ጋዝ የሚያልፍበትን ማናቸውንም ነገርና የፊት ክዳኑን አልነካም። ክዳኑ አቧራ መከላከያ ይመስላል እንጂ የማቃጠያ ክፍሉን ከቤቱ አየር የሚለይ ማሸጊያ ነው። እሱን የሚከፍተው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። የእኔ ድርሻ ማየት፣ መስማትና መጻፍ ነው።

2ኛ ቀን

ዛሬም ንጋት ላይ ለገመ። ቀን ላይ ግን ደህና ሲነሣ አጠገቡ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አነሣሱን በጆሮዬ አጠናሁ።

ሙቀት ሲጠየቅ መጀመሪያ ማራገቢያው ይነሣል። በውስጡ የቀረ ጋዝ ካለ ጠርጎ እንዲያወጣ ጥቂት ሰከንድ ይነፍሳል። የመቆጣጠሪያው ቦርድ ማራገቢያው በተፈለገው ፍጥነት መዞሩን ሲያረጋግጥ ብልጭታው ይጀምራል፦ ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ። የጋዝ ቫልቩ ጠቅ ብሎ ይከፈታል። ወዲያው «እፍ» የሚል ለስላሳ ድምፅ ይሰማና በመመልከቻዋ መስታወት ሰማያዊ ብርሃን ይታያል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጆሮ አይሰማውም። ነበልባል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ቦርዱ በኤሌክትሮዱ፣ ማለትም እሳቱን በሚነካው የብረት ዘንግ፣ በኩል ወደ እሳቱ ኮረንቲ ይልካል፤ እሳት ካለ ጥቂት ማይክሮአምፒር ብቻ የምትሆን ኮረንቲ በነበልባሉ አልፋ በመሬት ሽቦው በኩል ትመለሳለች። ነበልባል ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ከሌላው አብልጦ ስለሚያሳልፍ ቦርዱ እውነተኛውን እሳት ከረጠበ ወይም ከተነካካ ሽቦ መለየት ይችላል። ይህች ምልክት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካልደረሰችው ጋዙን ይዘጋል፣ ያናፍሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ራሱን ይቆልፋል።

እንግዲህ «አልነሣም አለ» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ደብቆ ይዟል፦ ብልጭታ የለም፤ ብልጭታ አለ ግን ጋዝ የለም፤ እሳት ተነሥቷል ግን ቦርዱ አላየውም። ማሳያው ለሦስቱም የሚያወጣው ያንኑ ቁጥር ነው።

3ኛ ቀን

ከንጋቱ 11፡50። ውጭ 6 ዲግሪ። ከሰባት ሰዓት ዕረፍት በኋላ።

ዛሬ ቀድሜው ተነሥቼ መስታወቷ ላይ ዓይኔን ተክዬ ጠበቅሁት። ማራገቢያው ተነሣ። የብልጭታው ድምፅ ተሰማ። ቫልቩ ጠቅ አለ። እሳት ግን የለም። እንደገና ሞከረ፤ የለም። ቆለፈ።

ነበልባሉ ታይቶ ቢጠፋ ኖሮ ጥርጣሬዬ ወደዚያች ደቃቅ ኮረንቲ፣ ወደ ኤሌክትሮዱ ጫፍና ወደ መሬት ሽቦው ይሄድ ነበር። ጭራሽ ካልታየ ግን ጥፋቱ ከዚያ በፊት ነው። ከሦስቱ አንዱ ወጣ።

በእጄ ያሉትን ቀላል ነገሮችም አየሁ። የውሃው ግፊት 1.3 ባር፤ ደህና ነው። በዚያችው ደቂቃ የማብሰያ ምድጃውን ለኮስኩት፤ ነበልባሉ የተረጋጋ ነው። ይህ ግን ጋዙን ነፃ አያወጣውም፤ ምድጃ ከቦይለር ጋር ሲነጻጸር የሚወስደው ጋዝ እፍኝ ነው። ስፒናውን ነቅዬ የመሬት ሽቦውን በቴስተር ለካሁ፤ አልተቋረጠም።

4ኛ ቀን

ያው። ከንጋቱ 12 ሰዓት። ባለሙያ ጠራሁ።

5ኛ ቀን

ባለሙያው ከቀኑ 9 ሰዓት መጡ። ቦይለሩ እሳቸው ፊት አሥር ጊዜ ጠፍቶ አሥር ጊዜ ተነሣ። ጥርሱን ሲያመው ያደረ ሰው ሐኪም ደጃፍ ላይ ሲደርስ ሕመሙ እንደሚተወው ሆነ፤ እኔም እንደ ውሸታም ቆሜ ቀረሁ።

ዝም ብለው ግን አልሄዱም። የሚገባውን ጋዝ ግፊት ለኩ፦ ቦይለሩ ቆሞ 21 ሚሊባር፣ በሙሉ ኃይሉ ሲነድ 19.5። ለተፈጥሮ ጋዝ የሚጠበቀው 20 አካባቢ ስለሆነ ጋዙ ከጥርጣሬ ወጣ። ክዳኑን ከፍተው የማቀጣጠያውን ኤሌክትሮድ አወጡት። ጫፉ ላይ ነጭ ዝቃጭ ነበር፤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጸዱት። ክፍተቱንም በአምራቹ መመሪያ መሠረት 4 ሚሊሜትር አደረጉት። ከሥሩ ያለችውን ማሸጊያ አገላብጠው አይተው «ደህና ናት» ብለው መለሷት። ሽቦውንና ኤሌክትሮዱ ላይ የሚሰካውን ጫፉን የሚሸፍነውን የጎማ ኮፍያ በጨርቅ ጠርገው ገጠሙ።

ዳግም ማስነሻውን በተከታታይ እንደምጫን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ይህ የመብራት ማብሪያ አይደለም። ባልተቀጣጠለ ቁጥር ጥቂት ጋዝ ይገባል። ማራገቢያው ይጠርገዋል፤ ግን አንድ ቀን ሳይጠርገው ብልጭታው ይቀድምና ክዳኑ ሊዘልብህ ይችላል። ሁለቴ ሞክረህ እምቢ ካለ ተወው፤ ደውልልኝ» አሉኝ። ከዚህ በኋላ ልማዴ አንድ ሙከራ ብቻ ነው።

6ኛ እስከ 10ኛ ቀን

አምስት ንጋት ያለ እንከን። ዋናው ጥፋተኛ የተገኘ መስሎኝ በአሥረኛው ቀን ማስታወሻውን ላቆም ነበር። ሳላቆም የቀረሁት በስንፍና ነው፤ ደብተሩ ቦይለሩ አጠገብ ተንጠልጥሎ ስለነበር።

11ኛ ቀን

ከንጋቱ 11፡40። ለገመ።

የተናደድኩት በዕቃው ሳይሆን በራሴ ነው። ኤሌክትሮዱ ከጸዳ በኋላ ስለሠራ፣ ያዳነው ጽዳቱ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ያን ቀን ግን ባለሙያው ከጽዳቱ ሌላ ብዙ ነገር ነክተዋል፤ ሽቦ ነቅለዋል፣ ጠርገዋል፣ ክዳን ከፍተው ዘግተዋል። የትኛው እንደረዳ አላውቅም።

12ኛ ቀን

ትናንት ማታ ደህና ሲነሣ ድምፁን በስልኬ ቀዳሁ። ዛሬ ንጋት ላይ ሲለግምም ከዚያው ቦታ ቀዳሁት። ሁለቱን በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰማኋቸው።

አይመሳሰሉም! የማታው ብልጭታ ድስት ውስጥ እንደሚፈነዳ እህል የታፈነ ነው። የንጋቱ የጠራና የሰላ ነው፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ይመስላል። መጀመሪያ የሰላው የበረታ መሰለኝና ግራ ገባኝ፤ ብልጭታው ሲበረታ ለምን አይቀጣጠልም? እራት ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። ድምፁ የጠራው ከማቃጠያው ክፍል ውጭ ስለሆነ ነው። ብልጭታው አለ፤ ግን ቦታው ላይ አይደለም። ጋዙ ወዳለበት ሳይደርስ በመንገድ ላይ ወደ ላሜራው እየዘለለ ይሆናል።

ይህ ለጊዜው ግምት ነው። ንጋት ላይ ብቻ የሚሆንበትን ምክንያት አይናገርም።

13ኛ ቀን

ሌሊቱን ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) ቦይለሩን በየሁለት ሰዓቱ እንዲያስነሣ አድርጌ አሳደርኩት። ንጋት ላይ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ውጭው 5 ዲግሪ ነበር፤ ከወትሮው ይበልጥ ብርድ ነው። ስለዚህ ብርዱ ብቻውን አይደለም የሚያሳምመው፤ ዕረፍቱ ነው።

ሊጠቀስ የሚገባው ሌላም ነገር አለ፤ እኩለ ቀን ላይ፣ ከሁለት ሰዓት ዕረፍት በኋላ አንዴ ለግሟል። ከቀሩት ጋር አይሄድልኝም፤ ቢሆንም ጽፌዋለሁ።

14ኛ ቀን

ቴርሞስታቱን ወደ ቀድሞው መለስኩ። ለገመ።

እስካሁን ያለው ሒሳብ፦ 8 ሽንፈት፤ ከእነዚህ 7ቱ ከስድስት ሰዓት በላይ ካረፈ በኋላ። እየሠራ ውሎ ለአጭር ጊዜ ቆሞ ሲነሣ ከዚያች ከእኩለ ቀኗ በቀር አንድም ጊዜ አላስቸገረም። ይህን ለባለሙያው በስልክ ሳነብላቸው ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ ማታ አጥፋው፤ ነገ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ። እስክመጣ እንዳትነካው» አሉ። ሰውየውን የወደድኳቸው ያን ጊዜ ነው።

15ኛ ቀን

ጋዙን ከቦይለሩ በታች ባለው መዝጊያ ዘጉት። ክዳኑን አወረዱ። «መብራቱን አጥፋው» አሉኝ። ጨለማ ውስጥ ቆመን ቦይለሩን አስነሣነው።

ማራገቢያው ተነሣ። ከዚያ አየሁት። ሽቦው ኤሌክትሮዱ ላይ በሚሰካበት ቦታ፣ ከጎማው ኮፍያ ጠርዝ ወደ ታች፣ እንደ ክር የቀጠነች ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ላሜራው ትዘላለች። ጢቅ ባለ ቁጥር እዚያው ቦታ፣ ያችው ክር። ኮፍያው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ሲያነሡ (በእርግጥ ኃይሉን ከሶኬቱ አጥፍተው ነው) ጣታቸው እርጥብ ነበር። መብራት አብርተን በአጉሊ መነጽር ስናየው ጎማው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ፤ ዳርና ዳሩም ጠቁሯል።

ሽቦውን በቴስተር ለኩት፤ ቴስተሩ ጤናማ ነው አለ። ቴስተር የሚልከው ጥቂት ቮልት ነው። ብልጭታው ግን ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ ነው፤ እንዲህ ያለው ኃይል ለጥቂት ቮልት ዝግ በሆነ ስንጥቅ፣ በተለይ እርጥበት ሲኖርበት፣ መንገድ ያገኛል። የመኪና ካንዴላ ሽቦ የሚያውቅ ሰው ዝናብ ሲዘንብ ሞተር የሚንገጫገጭበትን ምክንያት ያውቃል፤ ይህም ያው ነው። ቦይለሩ ሲሠራ ውሎ ሲሞቅ ኮፍያው ይደርቃል፣ ብልጭታውም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ተመልሶ ያርፍበታል።

በአምስተኛው ቀን ጽዳት የተገኘው «ፈውስም» ምስጢሩ ተገለጠ፤ ያዳነን የብርጭቆ ወረቀቱ ሳይሆን ጨርቁ ነው።

16ኛ ቀን

አዲስ ሽቦ ከነኮፍያው ተገጠመ። ሥራው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

17ኛ እስከ 22ኛ ቀን

ስድስት ንጋት ደህና። በዚህ ጊዜ ግን ድል አላወጅኩም። በ19ኛው ቀን ደብተሩ ላይ በትልቁ የጻፍኩት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ውሃው ከየት መጣ?» አዲሱ ኮፍያ ስላልተሰነጠቀ ይቋቋመው ይሆናል። ግን የታሸገ ሳጥን ውስጥ፣ በጎማ ኮፍያ ላይ ጤዛ የሚያርፍበት ምክንያት የለም።

23ኛ ቀን

ከንጋቱ 12 ሰዓት። በመጀመሪያው ሙከራ አልተቀጣጠለም፤ በሁለተኛው ተነሣ። አልቆለፈም፤ ባልቀዳው ኖሮ አላውቅም ነበር። ድምፁን ሰማሁት፦ ያ የሰላ ድምፅ፣ ግን በመሃል በመሃል ብቻ።

24ኛ ቀን

ቆለፈ። ደወልኩ። «ሽቦው አዲስ ነው» ልል ስል ቀድመውኝ «እርጥበቱን አልፈለግነውም» አሉ። አንድ ቦታ ላይ ደርሰናል።

25ኛ ቀን

ዛሬ የጭስ መመርመሪያ መሣሪያቸውን ይዘው መጡ። መጀመሪያ የተጠረጠረው የጭስ ማውጫው ነው። በዚህ ዓይነት ቦይለር ጭሱ በውስጠኛው ቧንቧ ይወጣል፣ ንጹሕ አየር በውጭኛው ይገባል። በመሃላቸው ያለው መገጣጠሚያ ከሳሳ ቦይለሩ የራሱን ጭስ መልሶ ይስባል። በአየር መግቢያው መፈተሻ ቀዳዳ ሲለኩ ኦክስጅኑ 20.9 በመቶ ሆነ። ይህ የንጹሕ አየር መጠን ነው። ስለዚህ ቧንቧው ንጹሕ ነው።

ከዚያ ክዳኑን አወረዱና የእጅ ባትሪ ሰጡኝ። «ከኤሌክትሮዱ ሥር እይ።» ኤሌክትሮዱ በሁለት ብሎን የታሰረባት ትንሽ ሰሌዳ አለች። ከሰሌዳዋ የታችኛው ጠርዝ የሚጀምር፣ ወደ ታች የወረደ ቡናማ የዝገት ዱካ አለ፤ ዳሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ደርቋል። እንባ የወረደበት ጉንጭ ይመስላል። በ15ኛው ቀን እዚያው ቆሜ ነበር፤ ዓይኔ ብልጭታዋን ሲያሳድድ ይህ ሁሉ ዱካ አመለጠኝ።

ኤሌክትሮዱ ሲወጣ ማሸጊያዋ ከነሰሌዳዋ መጣች። ባለሙያው ጥፍራቸውን ጫን አደረጉባት፤ አልተመለሰችም። ጠፍጥፋ፣ ደንድና፣ በአንድ በኩል እንደ ብስኩት ተቆርሳለች። ማቃጠያው ሲነድ የክፍሉ ውስጥ ግፊት ከውጭው ከፍ ስለሚል ጭሱ በዚያች ቁራሽ በኩል እየሾለከ ወደ ሳጥኑ ይወጣል። ጭሱ በእንፋሎት የተሞላ ነው፤ ሳጥኑ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ቅርብ ያለው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ያርፋል። ቅርብ ያለው ደግሞ ኮፍያው ነው። የጤዛው ውሃ አሲድ ስላለበት ጎማውንም ላሜራውንም ይበላል። አዲሱ ኮፍያ በዘጠኝ ቀን ዕድሜው ጠርዙ ላይ ነጭ ነጥብ ጀምሮታል።

ደብተሬን ወደ ኋላ ገልጬ 5ኛውን ቀን አነበብኩ፦ «ማሸጊያ አገላብጠው አይተው ‹ደህና ናት› ብለው መለሷት።» ጮክ ብዬ ማንበብ አልነበረብኝም፤ አነበብኩት። ባለሙያው ራሳቸውን ነቀነቁ። የአምራቹን መመሪያ አውጥተው ገጹን አሳዩኝ፤ ኤሌክትሮዱ በወጣ ቁጥር ማሸጊያዋ በአዲስ እንድትተካ ያዛል። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ደህና መሰለችኝ፤ አንዴ የተጨመቀች ማሸጊያ ሁለተኛ እንደማትታመን እያወቅሁ» አሉ። የዛሬውን ድካማቸውን ዋጋ አልቀበልም ብለው ተከራከሩኝ። እኔ ደግሞ በንጋት 11 ሰዓት ተኩል መጥቶ ጨለማ ውስጥ የሚቆም ባለሙያ ስንት እንዳለ አስልቼ ከፈልኳቸው።

አዲስ ኤሌክትሮድ ከአዲስ ማሸጊያ ጋር ተገጠመ፤ ዝገቱ ተጠረገ፣ ሳጥኑ ደረቀ፣ ኮፍያውም ተቀየረ። የፊት ክዳኑን የጎማ ጥብጣብ ዙሪያውን በጣታቸው ሄደውበት ሲያዩ ለምን እንደሚጠነቀቁ ጠየቅኋቸው። «እስካሁን ጭሱን ከመኝታ ቤትህ የለየው ይህ ጥብጣብ ብቻ ነው» አሉኝ። ከጭሱ ጋር ሊመጣ የሚችለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም። መተላለፊያው ላይ ያለውን የማስጠንቀቂያ ደወል መፈተሻ ቁልፍ ማታውኑ ተጫንኩ፤ ጮኸ። ሁለተኛ ደወልም ቦይለሩ ባለበት ክፍል ሰቀልኩ።

በመጨረሻ ጭሱ ተለካ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 9 በመቶ አካባቢ፣ አምራቹ ከሚፈቅደው ወሰን ውስጥ። የነበልባሉ ኮረንቲም በተከታታይ ሲለካ 4 ማይክሮአምፒር ገደማ ላይ ረግቶ ቆመ።

26ኛ እስከ 39ኛ ቀን

አሥራ አራት ንጋት፣ አሥራ አራቱም በመጀመሪያው ሙከራ። በሦስቱ ሌሊት ሆን ብዬ ከአሥር ሰዓት በላይ አሳረፍኩት። በ33ኛው ቀን ዝናብ ሲዘንብ አድሯል፤ ድምፁን ቀዳሁት፤ እህሉ ድስቱ ውስጥ ነው የሚፈነዳው።

የ13ኛው ቀን የእኩለ ቀን ሽንፈት አሁንም ከየትኛውም ጋር አልሄደልኝም። እንዳለች ትቻታለሁ።

40ኛ ቀን

ከንጋቱ 11፡45፣ ውጭ 4 ዲግሪ፣ ከስምንት ሰዓት ዕረፍት በኋላ። ማራገቢያ፤ ሦስት ጢቅ፤ እፍ።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ሰማሁ። ቦይለሩ ሲቆም ከሥሩ፣ የጤዛው ውሃ ከሚወርድበት ቱቦ፣ ጉርጉር የሚል ድምፅ አለ። ወጥመዱ፣ ማለትም ጭስ እንዳይወጣ ውሃ ይዞ የሚቆየው የቱቦው ክፍል፣ በዝቃጭ መሞላት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። እሱ ተዘግቶ ውሃው ወደ ማቃጠያው ቢመለስ ያንኑ የስሕተት ቁጥር ያወጣል። ለባለሙያው ደውዬላቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ይመጣሉ። ደብተሩ እዚያው ተንጠልጥሏል።